ቀሪ ሦስት

ክንዴ ላይ ጻፉብኝ፣ በወፍራም ብዕር፣
ስምንት መቶ ዐሥራ ሁለት፦ የእኔ ቁጥር።
ሰማይና ባሕሩ ገና ሳይለያዩ፣
የዓሣ አጥማጅ መብራቶች ከሩቅ እየታዩ፣
ሺህ ሰው ተኮልኩሎ፣ ጥቁር ጎማ ለብሶ፣
ጥሩምባ ይጠብቃል፣ አንገቱን ቀልሶ።

እኔ ሺገሃሩ፣ ፀጉር አስተካካይ፣
ሁለት ወንበር ያለኝ፣ ከወደቡ በላይ፣
ፀጉር እንጂ ሞገድ ቆርጦ የማያውቅ እጄ
በስድሳ አንድ ዓመቱ ምን ሊሠራ መጣ፣ ንገረኝ ወዳጄ?
ሚስቴ ሳቺ ብላኝ ነበር፦ «ዓሣ እንኳ በዚህ ሰዓት ይተኛል፤
ሳትሰጥም ከተመለስህ ሩዝና ሾርባ ይቆይሃል።»

ተነፋ።
ከዚያ ወዲያ ባሕር የለም፤ ክርንና ተረከዝ፣
የአንዱ ጣት ዓይኔ ላይ፣ የሌላው ክንድ ሲመዘዝ።
ጨው ጠጣሁ፣ ጨው ተፋሁ፣
ብርቱካንማውን ተንሳፋፊ ኳስ ስፈልግ ጠፋሁ።
ቀና ብል ከፊቴ አንድ ነፍስ የለ፣
ዞር ብል ከኋላዬ ባሕር ብቻ አለ።
መጨረሻ መሆን፣ ለካስ ደስ ይላል፤
የሚገፋህ የለም፣ ውሃው ይሰፋል።

ከባሕሩ ስወጣ ልብሱ አልወልቅ አለኝ፣
እንደ አበዳሪ ሰው ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ።
አንዲት ተማሪ ልጅ፣ ቢጫ ቆብ ደፍታ፣
መሬት አስቀመጠችኝ፣ ሳበችው በርትታ፤
እንደ በቆሎ እሸት
ከነቅጠሌ ገፈፈችኝ።

ብስክሌቴ የወንድሜ ልጅ የጣለው፣ ማርሹ የሚያስነጥስ፣
ዳገት ገና ከሩቅ ሲያይ ሰንሰለቱ የሚያለቅስ።
በሩዝ ማሳው መሀል፣ ነፋሱ ከፊት ለፊት፣
አሮጊቶች ወንበር አውጥተው በየበራፉ ፊት
መጥበሻ እየደበደቡ «ፀጉር አስተካካዩ!» ይላሉ፤
ስሜንማ የት ያውቃሉ?
እኔም ሰውን በመልኩ አላውቅም፣ በማጅራቱ እንጂ።
ሽው ብሎ ያለፈኝን ሁሉ ከኋላው ለየሁት፤
ግማሹን እኔው ነኝ ባለፈው ሳምንት የላጨሁት።

ከዚያ ሩጫው መጣ። ሩጫ ልበለው?
ጉልበቴ የዛገ ማጠፊያ፣ ጭኔ እንጨት ነው።
ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሐብሐብ ሰጡኝ፣ ጨው ነስንሰው።
ስምንተኛው ላይ መለስሁት።
ፀሐይ ከጀርባዬ ስትወርድ ጥላዬ ከፊቴ ረዘመ፤
እሱ እንኳ ቀደመ።

ከኋላዬ መኪና፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ድመት።
ካዙሺ ወረደ፣ ነጭ ጓንት አጥልቆ፣
ባንዲራውን ይዞ፣ በሐፍረት ተጨንቆ።
ካዙሺን አውቀዋለሁ። በአራት ዓመቱ
ጆሮውን በመቀስ ነክቼ፣ ደም ወርዶ በአንገቱ፣
በከረሜላ ነው ያባበልሁት። ጠባሳው ዛሬም አለ።
«ጋሼ፣ ሰዓቱ አልፏል» አለ።

ሦስት ኪሎ ሜትር ቀርቶኝ ነበር። ሦስት።
አንድ የመጠጥ መሸጫ ማሽን ፊት፣
ከአኩሪ አተሩ ማሳ አጠገብ።
አልለመንሁትም። ሕግ ሕግ ነው፤
የተቆረጠ ፀጉር አይቀጠልም።
ፎጣ ደርቤ ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ፤
እስከ ወደቡ ድረስ
እሱ ስለ ሰዓት፣ እኔ ስለ ጆሮ
አንዳችንም አላነሳንም።

ሰኞ በእኛ አገር ፀጉር ቤት ይዘጋል፤ ተኛሁ።
ማክሰኞ ከፈትሁ። ቁጥሩ ከክንዴ አልለቅ ብሏል፣
በሳሙና ፈትጌዋለሁ፣ በአልኮል አሽቼዋለሁ።
«ምንድን ነው እሱ፣ የስልክ ቁጥር?» አለኝ የመጀመሪያው ደንበኛ
ከመስታወቱ ውስጥ ሆኖ።
«ያልተነሳ ስልክ» አልሁት።

ማታ ወንበሮቹን ጠርጌ፣ በሥራ ጫማዬ፣
አውቶቡስ ያዝሁና ማሽኑ ጋ ወረድሁ።
ሳንቲም ከትቼ ቀዝቃዛ ሻይ ጠጣሁ።
ጣሳውን ጣልሁ።
ከዚያ ሮጥሁ።

መጥበሻ የመታ የለም። ውሻ እንኳ ቀና ብሎ አይቶ
መልሶ ተኛ።
ወደቡ ጋ ስደርስ ቅስቱን አፍርሰው ወስደውታል፣
የመድረሻውን መሥመር ዝናብ አጥቦታል፤
የት ጋ እንደ ነበረ ልለየው አልቻልሁም።
እንግዲህ ጥቂት አልፌው ሳልሄድ አልቀረሁም።